በስፖርት ማሽን ላይ እግርዎ ይደነዝዛል?

የዛሬው ርዕሳችን በከተማ የሚኖሩ ብዙ እናቶችና ሠራተኞች የሚያውቁት፣ ነገር ግን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረው ለማንም የማይነግሩት ጉዳይ ነው። ይኸውም በስፖርት ማሽን ላይ የሚመጣ የእግር መደንዘዝ ነው።

ከሥራ ወይም ከቤት ጉዳይ ተርፎ የተገኘውን ግማሽ ሰዓት ለጤንነት ማዋል በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። መሮጫ ማሽኑ፣ ባለበት የሚቆመው ብስክሌትና በሁለት መርገጫ ላይ ቆመው የሚረግጡት ኤሊፕቲካል የተባለው መሣሪያ ለብዙዎች እንግዳ አይደሉም። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ከእግር ጣቶች ሥር የመወረር ስሜት ይጀምራል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል። ቀስ በቀስም ጣቶቹ የራስ ያልሆኑ ያህል ይደነዝዛሉ። ከማሽኑ ወርደው ጥቂት ሲራመዱ ስሜቱ ይመለሳል።

ይህ ሲያጋጥም ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋሉ። አንደኛዋ እናት «ስፖርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። ሁለተኛዋ ደግሞ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እያለች ወራት ትገፋለች። ሁለቱም ይጎዳሉ። የመጀመሪያዋ በጫማ ማሰሪያ ምክንያት ጤንነቷን የሚጠብቅላትን ልማድ ታጣለች። ሁለተኛዋ ምናልባት ሰውነቷ የላከላትን ማስጠንቀቂያ ሳትሰማ ትቀራለች።

በመሠረቱ በማሽን ላይ ብቻ የሚመጣና ሲወርዱ የሚለቅ መደንዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የጫማና የአቋቋም ጉዳይ ነው፤ በአንድ ምሽት ሊስተካከል ይችላል። አንዳንዱ መደንዘዝ ግን የበሽታ ምልክት ነው፤ ቶሎ ካልተደረሰበትም እግርን እስከማሳጣት ይደርሳል። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። እግርዎ የሚደነዝዘው የቱ ላይ ነው? የሚደነዝዘው መቼ ነው? የሚለቅዎትስ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ ነው?

መደንዘዝ ማለት ምን ማለት ነው?

ከእግራችን የሚነሣው የመዳሰስ፣ የሙቀትና የሕመም ስሜት ወደ አንጎል የሚደርሰው በነርቮች አማካይነት ነው። ወደ እግር የሚሄዱት ነርቮች ከወገብ አከርካሪ ተነሥተው በዳሌ፣ በጭንና በባት በኩል እስከ ጣቶች ጫፍ ይወርዳሉ። በአዋቂ ሰው ርዝመታቸው አንድ ሜትር ያህል ስለሚሆን በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ ረጃጅሞቹ እነርሱ ናቸው። ይህን ነገር ኋላ ስለሚጠቅመን ያስታውሱት።

ነርቭ ራሱም ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በጥቃቅን የደም ሥሮች ይመገባል። አንድ ነገር ተጭኖ ሲይዘው ደሙ ይቀንስበታል፤ መልእክት ማስተላለፉንም ያቆማል። ያን ጊዜ እግር ደነዘዘ እንላለን። ጭነቱ ሲነሣለት ነርቩ እንደገና ይነቃል፤ በሚነቃበትም ጊዜ መርፌ እንደሚወጋ ሆኖ ይሰማል።

ይህን ለማወቅ ስፖርት ቤት መሄድ አያስፈልግም። ቁጢጥ ብሎ ልብስ ያጠበ፣ ወይም በዝቅተኛ በርጩማ ላይ እግሩን አጣጥፎ ቡና እስኪፈላ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከጉልበት በታች በውጭው በኩል በእጅ የምትዳሰስ እብጥ ያለች አጥንት አለች። በእርሷ ዙሪያ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ አንድ ነርቭ ያልፋል። ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ስንል ወይም እግር በእግር ላይ ስናነባብር የሚጨቆነው ይህ ነርቭ ነው። በማሽኑ ላይ የሚሆነውም በዓይነቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የሚለየው የሚጫነው ነገርና የሚጫንበት ቦታ ነው።

ማሽኑ እግርን እንዴት ያደነዝዛል?

በመንገድ ላይ ስንራመድ እያንዳንዱ እግር በየተራው ከመሬት ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ከውስጥ እግር ላይ ጭነቱ ይለቃል፤ ጣቶች ይዘረጋሉ፤ ደምም ይመለሳል። ኤሊፕቲካል የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል የተወደደበት ምክንያት እግር ከመርገጫው ሳይነሣ መሥራት በመቻሉ ነበር። እግር ካልተነሣ በጉልበትና በዳሌ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ምት ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ የጠቀመው ነገር የጎዳውም እርሱ ነው። እግር ለግማሽ ሰዓት ሳይነሣ ሲቀር የሰውነት ክብደት ከጣቶች ሥር ባለው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ይቆያል፤ በዚያ የሚያልፉት ነርቮችም ይደነዝዛሉ።

በብስክሌቱ ላይ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመርገጫው ማሰሪያ ነው። እግር እንዳያመልጥ ተብሎ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም የእግርን ጀርባ ያንቃል። መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ሰውየው ለመድረስ ሲል በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል። የጫማው ሶል ስስና ለስላሳ ከሆነም መርገጫው በውስጥ እግር ላይ ይቆረቁራል። መቀመጫው ራሱም የሚያደርሰው ጫና አለ፤ ከጭንና ከጭን መካከል መደንዘዝ ከተሰማዎ ከፍታውንና ዘንበል ማለቱን ያስተካክሉ፤ በየጥቂት ደቂቃውም ከመቀመጫው ብድግ ይበሉ።

በመሮጫው ማሽን ላይ እግር ስለሚነሣ ችግሩ ያነሰ ነው። ነገር ግን ዳገቱን አብዝተው፣ እጀታውን ጨብጠው፣ ወደ ፊት አዘንብለው የሚሄዱ ሰዎች ክብደታቸውን ሁሉ ወደ ጣቶቻቸው ይልካሉ። እንዳይወድቁ ሰግተው በጫማቸው ውስጥ ጣቶቻቸውን አጥፈው የሚቆነጥጡም አሉ። ይህ ሁሉ ሲደማመር እግር ይደነዝዛል።

መጀመሪያ ጫማዎን ይመርምሩ

እግር በእንቅስቃሴ ጊዜ ያብጣል፤ ደም ስለሚበዛበትና ስለሚሞቅ ነው። ስለሆነም ስፖርቱ ሲጀመር ልክ የነበረ ጫማ በሃያኛው ደቂቃ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት የሚመረመረው የጫማው ማሰሪያ ነው። ከእግር ጀርባ ላይ ከማሰሪያው ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ። ማሰሪያው አጥብቆ ሲጫነው የሚደነዝዘው በአውራ ጣትና በቀጥታ በሚከተለው ጣት መካከል ያለው ቦታ ነው። የእርስዎም መደንዘዝ እዚያ ላይ ከሆነ ማሰሪያውን ከታች እስከ ላይ አላልተው እንደገና ይሰሩት። ካልበቃ ደግሞ በሚቆረቁርዎ ቦታ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ሳያቆላልፉ ይዝለሏቸውና ማሰሪያውን ወደ ላይኞቹ ቀዳዳዎች ቀጥ አድርገው ያሳልፉት። ተረከዝዎ እንደተያዘ ይቆያል፤ የእግርዎ ጀርባ ግን ይተነፍሳል። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው የጫማው ልክ ነው። እዚህ ላይ በተለይ ለእናቶች የሚነገር ነገር አለ። በእርግዝና ጊዜ የእግር ውስጥ ጎድጓዳ ዝቅ ይላል፤ እግርም በርዝመት ይጨምራል። ይህ ለውጥ በብዙ ሴቶች፣ በተለይም ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ፣ ሳይመለስ እንደዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት 37 ቁጥር ያደርጉ የነበሩ እናት ዛሬም «የእኔ ቁጥር 37 ነው» ቢሉ እግራቸው ላይስማማ ይችላል። ቁጥሩን ከማመን እግርን መለካት ይሻላል።

መለኪያው ቀላል ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ጥቂት ባበጠበት በምሽት ጊዜ፣ ባዶ እግርዎን በወረቀት ላይ ቆመው ሌላ ሰው በእርሳስ ዙሪያውን ይሳልልዎ። ከዚያም የስፖርት ጫማዎን በሥዕሉ ላይ ያስቀምጡት። የእግርዎ ሥዕል ከጫማው ጠርዝ ወጥቶ ከታየ ጫማው ጠቦዎታል ማለት ነው። በርዝመት በኩል ደግሞ ቆመው ሳሉ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መቅረት አለበት። ሁለቱ እግሮች እኩል ስለማይሆኑ የሚለካው በትልቁ ነው። ጫማ ሲገዙም ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ ለስፖርት የሚያደርጉትንም ካልሲ ይዘው ይሂዱ።

ብዙዎቻችን የስፖርት ጫማ የምንገዛው ከሰልባጅ ገበያ ነው። ዋጋው ስለሚረክስ ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሆኖም ያገለገለ ጫማ ሶሉ በቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ተጎድቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ይተዉት። እጅዎን ወደ ውስጥ አስገብተው ገበሩን ይዳብሱ፤ የተጠቀለለ ጨርቅ፣ የወጣ ስፌት ወይም ሚስማር የእግርን ነርቭ የሚጫን ነገር ነው።

ሦስተኛው ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት ጫማ ነው። ጫፉ የሾለ፣ ታኮው ከፍ ያለ ጫማ የሰውነትን ክብደት ወደ ጣቶች ሥር ይገፋል፤ ጣቶቹንም ያጣብቃል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚያልፈው ነርቭ በእንዲህ ያለ ጫና ብዛት ዙሪያው ሊወፍር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ቶማስ ሞርተን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ስለዚህ ሕመም ስለ ጻፉ በስማቸው ይጠራል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ምልክቱ በጫማ ውስጥ ጠጠር እንደገባ መስሎ መሰማት፣ ማቃጠልና የሁለቱ ጣቶች መደንዘዝ ነው፤ ጫማ ሲወልቅና እግር ሲታሽ ይሻላል። እንዲህ ከሆነ ስፖርቱን ሳይሆን የሥራ ጫማዎን ይለውጡ፤ ሰፋ ያለና ታኮው ዝቅ ያለ ይሁን። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልተሻለዎ ሐኪም ያማክሩ።

በማሽኑ ላይ ሳሉ የሚደረግ ጥንቃቄ

ጫማው ከተስተካከለ በኋላ አቋቋምን ማስተካከል ይገባል። በኤሊፕቲካል ላይ ሲሆኑ እግርዎን በመርገጫው መካከል ያሳርፉ፤ ክብደትዎን ወደ ተረከዝዎ መለስ ያድርጉ፤ ወገብዎን ቀና ያድርጉ። በየአምስት ደቂቃው ጣቶችዎን በጫማው ውስጥ ያንቀሳቅሱ። አንድ ጊዜም ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ መርገጥም ጫናው የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣል። ጀማሪ ከሆኑ የማሽኑን ክብደት ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ ክብደት በጨመረ ቁጥር መርገጫው በእግር ላይ የሚያደርሰው ጫና ይጨምራልና።

በብስክሌት ላይ የመርገጫውን ማሰሪያ አንድ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ያላሉት። መቀመጫውን የሚያስተካክሉት እግርዎ ወደ ታች ሲወርድ ጉልበትዎ በጥቂቱ እንደታጠፈ እንዲቀር አድርገው ነው። በመሮጫ ማሽን ላይ ደግሞ እጀታውን ላለመደገፍ ይሞክሩ፤ ሳይደገፉ መሄድ ካልቻሉ ፍጥነቱ ወይም ዳገቱ በዝቷል ማለት ነው።

መደንዘዙ ከጀመረዎ «ልጨርሰው» ብለው አይታገሉት። የደነዘዘ እግር የሚረግጠውን በትክክል አያውቅም፤ ቁርጭምጭሚት የሚወለምውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ማሽኑን አቁመው ይውረዱ፤ ማሰሪያውን ይፍቱ፤ ሁለት ደቂቃ ይራመዱ። ሠላሳውን ደቂቃ በአንድ ማሽን ላይ ከመጨረስ ይልቅ አሥሩን በብስክሌት፣ አሥሩን በመሮጫ፣ አሥሩን በእግር ጉዞ ማድረግም ይቻላል። ለልብና ለሳንባ ጥቅሙ ያው ነው።

የቱ ላይ? መቼ? እስከ መቼ?

እንግዲህ ጫማውንና አቋቋሙን አስተካክለው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ከሞከሩ በኋላ መደንዘዙ ካልተወዎት፣ መጀመሪያ ያነሣናቸውን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁ። መልሱን በደብተር ቢጽፉት ለሐኪምዎም ይጠቅመዋል።

መደንዘዙ ሁልጊዜ በተወሰነ ደቂቃ ላይ የሚመጣ፣ ከአገዳዎ ፊት ለፊት ወይም ከባትዎ ጋር ውጥር የሚያደርግ ሕመም ያለበት፣ ሲያርፉም የሚለቅ ከሆነ በባት ጡንቻዎች ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ በላይ መጨመሩን ሊያመለክት ይችላል። ይህን ማሸት አያድነውም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

መደንዘዙ ከወገብ ወይም ከመቀመጫ ጀምሮ በአንድ እግር ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ምንጩ ከአከርካሪ ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ አንድ ልዩ ምልክት አለ። ቀጥ ብለው ሲራመዱ እግራቸው ይደነዝዛል፤ ቁጭ ሲሉ ወይም ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው በመሮጫው ማሽን ላይ ሲቸገር፣ በብስክሌት ላይ ጎንበስ ብሎ ግን ብዙ ሊሠራ ይችላል። ይህ በወገብ አካባቢ የነርቭ መተላለፊያው መጥበቡን ይጠቁማል።

በእንቅስቃሴ ጊዜ ባት ቁርጥም አድርጎ የሚያም፣ እግር የሚቀዘቅዝና የሚገረጣ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የደም ሥር መጥበብ ነው። ይህ በተለይ ሲጋራ በሚያጨሱ፣ ስኳርና የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይታያል።

ጫማ ሲወልቅም የማይለቅ መደንዘዝ

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ልትሉት የሚገባው ከማሽኑ ጋር የማይያዘው መደንዘዝ ነው። በሁለቱም እግር ላይ ከጣቶች ጫፍ ይጀምራል፤ በሌሊት በአልጋ ላይ ይነዝራል ወይም ያቃጥላል፤ በወራትና በዓመታት ውስጥ ካልሲ እንደሚለበስ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ቀደም ሲል የእግር ነርቮች ከሁሉ ረጃጅሞቹ ናቸው ብለን ነበር። ሰውነትን በሙሉ የሚነካ በሽታ ነርቮችን ሲጎዳ መጀመሪያ የሚታወቀው በእነዚህ በረጃጅሞቹ ጫፍ ላይ ነው። ብዙ ሰው በማሽን ላይ ሲሆን ብቻ ልብ ይለዋል እንጂ ችግሩ ቀድሞም ነበር።

ከእነዚህ በሽታዎች ዋናው የስኳር በሽታ ነው። ስኳር ካለባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት በጊዜ ብዛት የነርቭ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ስኳር እንዳለባቸው ሳያውቁ የሚኖሩም አሉ፤ ለእነርሱ የእግር መደንዘዝ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው። ምግብ ሳይቀመስ በጠዋት በሚደረግ የደም ምርመራ የስኳሩ መጠን 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነና በሁለተኛ ምርመራም ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው።

ሁለተኛው የቪታሚን ቢ 12 እጥረት ነው። ይህ ቪታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። በደንብ የሚመገብ ሰው ጉበቱ ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች የጾም ሳምንታት ብቻቸውን ይህን እጥረት አያመጡም። ነገር ግን ዓመቱን በሙሉ እነዚህን ምግቦች የማይቀምስ፣ ወይም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው መመርመር ይገባዋል፤ መድኃኒቱ የቪታሚኑን መጠን ሊቀንስ ይችላልና። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒትም ነርቭን ሊያደነዝዝ ይችላል። ይህን ለመከላከል ሐኪሞች ቪታሚን ቢ 6 ይጨምሩበታል። መደንዘዝ ከተሰማዎ ሕክምናውን ሳያቋርጡ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ። አልኮል ማብዛትም ነርቭን ይጎዳል። በቆዳ ላይ የወጣና ሲነካ የማይሰማ፣ የነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልጋል። ይህ በሽታ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ስለሆነ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

«የነርቭ ቪታሚን» እየተባለ የሚሸጠውን መርፌ ወይም ክኒን ያለ ምርመራ መውሰድ ግን መልካም አይደለም። መንስኤውን ይሸፍናል፤ ቪታሚን ቢ 6 ሲበዛ ደግሞ ራሱ ነርቭን ያደነዝዛል።

ሕመም አለመሰማት ለምን ያስፈራል?

አንዳንድ ሰው «ካላመመኝ ምን ቸገረኝ?» ሊል ይችላል። የዚህን መልስ ለዓለም ካሳወቁት አንዱ ፖል ብራንድ የተባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 በሕንድ አገር ቬሎር ወደተባለች ከተማ ሄደው ኋላ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ያክሙ ነበር። በዚያ ዘመን የሕመምተኞቹ ጣቶች የሚያልቁት ሥጋቸው በራሱ ስለሚበሰብስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ብራንድ ግን ቁስሉ የሚመጣው ሕመም ባለመሰማቱ መሆኑን አሳዩ። ሕመም የሚሰማው ሰው ጫማው ሲቆረቁረው ያወልቀዋል፤ ሲቆስል ያነክሳል፤ እሳት ሲነካው ይሸሻል። የማይሰማው ሰው ግን በቁስሉ ላይ ቀኑን ሙሉ ይራመዳል። ኋላም ይኸው ትምህርት ለስኳር ሕመምተኞች እግር ዋነኛ መጠበቂያ ሆነ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሕመም የማይሰማውን እግር በመንከባከብ ረገድ የረጅም ዘመን ልምድ ያለው ተቋም ነው።

ስለዚህ አንድ ልማድ ብንተው መልካም ነው። እግር ሲደነዝዝ «ብርድ ነው» ብሎ በፍል ውሃና በጨው መዘፍዘፍ፣ ወይም ወደ ከሰል ምድጃ ማስጠጋት በየቤቱ የተለመደ ነው። ሙቀቱ የማይሰማው እግር ሳያውቅ ይቃጠላል። ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይህ ቃጠሎ ወደማይድን ቁስል ሊለወጥ ይችላል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ የሚለካውም በእግር ሳይሆን በክንድ ወይም በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ወጌሻ ከመጥራትም በፊት ሐኪም ይቅደም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ፈተና

በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ያስተዋወቁት አንድ ቀላል ፈተና አለ። መሣሪያ አይፈልግም። የሚመረመረው ሰው ካልሲውን አውልቆ ይጋደማል፤ ዓይኑንም ይጨፍናል። ሌላው የቤተሰብ አባል በጣቱ ጫፍ የእያንዳንዱን እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት በየተራ ይነካል። ሁሉም ስድስት ጣቶች ናቸው። ንክኪው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ፣ በጣም ቀለል ያለ ይሁን፤ መጫን፣ መቆንጠጥ ወይም መኮርኮር አይፈቀድም። የሚመረመረው ሰው ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይላል። ካልሰማው ደግሞ እንደገና አይነካም። ከስድስቱ ጣቶች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት።

ይህን ፈተና ለራስዎ ብቻ አያድርጉት። ስኳር ያለባቸው አባት፣ እናት ወይም አማት በቤት ካሉ ለእነርሱም ያድርጉላቸው። ውስጥ እግራቸውንም በየቀኑ ይመልከቱላቸው፤ ጎንበስ ብለው ማየት የማይችሉ አረጋውያን ቁስላቸውን የሚያውቁት ከዘገየ በኋላ ነውና። ስኳር ያለበት ሰው በቤትም ቢሆን ባዶ እግሩን አይሂድ፤ ጫማውን ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳብስ።

ለነገ የማይባል ምልክት

የሚከተሉት ካጋጠሙ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም በአንድ ወገን መደንዘዝ ድንገት ከመጣ። ሁለተኛ፣ ከወገብ ሕመም ጋር በጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ካለ፣ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካቃተ። ሦስተኛ፣ አንድ እግር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣና ብርቱ ሕመም ካለው። አራተኛ፣ እግር ወደ ላይ አልነሣ ብሎ ጣቶች መሬት መጎተት ከጀመሩ። አምስተኛ፣ በደነዘዘ እግር ላይ ቁስል፣ እብጠት ወይም መጥቆር ከታየ።

ስፖርቱን አይተዉት

በመጨረሻም የምናሳስበው ይህን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። ዝቅተኛው በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን ማለት ነው። እንቅስቃሴ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ፣ ከላይ የተናገርነውን የነርቭ ጉዳት ለመከላከልም ይረዳል። በመደንዘዝ ምክንያት ስፖርቱን መተው እንግዲህ ጠባቂን ማባረር ይሆናል።

ዛሬ ማታ ወረቀትና እርሳስ ያዘጋጁ፤ እግርዎንና ጫማዎን ያመሳክሩ፤ ማሰሪያውን እንደገና ይሰሩት። ከዚያም ልጅዎን ጠርተው ስድስቱን ጣቶች ያስነኩ። ሁሉም ከተሰማዎት በሚቀጥለው ቀን ወደ ማሽንዎ ይመለሱ። ካልተሰማዎት ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የሚቀጥለው ጉዞዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሁን።